ካርዱ ሲወጣ፦ በካንሰር፣ በምግብና በትምህርት ቤት ላይ ከተደረጉ ሦስት ጥናቶች ጀርባ

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች በሚካሄዱ የጆርናል ክለብ ውይይቶች አንድ የጥናት ጽሑፍ ሲቀርብ፣ የተሰብሳቢው ዐይን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በውጤቱ ሠንጠረዥና በማጠቃለያው ላይ ነው። የናሙናው ብዛት ይጠየቃል፤ ፒ-ቫልዩው ይታያል፤ ውጤቱ ለአገራችን ሕሙማን ይሠራ እንደሆነ ጥቂት ክርክር ይደረጋል። በጥናቱ ተካተዋል የተባሉት ሕሙማን ካርድ ከካርድ ክፍል ወጥቶ ቢታይ ከሠንጠረዡ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ለመጠየቅም አመቺ አይደለም፤ አንባቢው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር፣ ካርዱ ደግሞ ጆሃንስበርግ ወይም ኒውዮርክ ነውና።

ከዚህ በታች የሚመረመሩት ሦስት ጥናቶች በሙያ መስክ የተራራቁ ናቸው። አንዱ የጡት ካንሰር ሕክምናን፣ ሁለተኛው የተማሪዎችን የምሳ ምርጫ፣ ሦስተኛው የሆድ ትላትልንና ከትምህርት ገበታ መቅረትን ይመለከታል። የሚያገናኛቸው ሦስቱም በሰፊው ከታመኑና ሥራ ላይ መዋል ከጀመሩ በኋላ ሌላ ሰው መዝገባቸውን መግለጡ ነው። የተገኘው ነገር ግን በአንዱ ወንጀል አከል ውሸት፣ በሌላው ዝርክርክነት፣ በሦስተኛው ደግሞ ሊታረም የሚችል ስሕተት ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ራሱን የቻለ ስሕተት ይሆናል። (ዓመታቱ፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የካንሰር ሐኪሞችን ይመራ የነበረው አስተሳሰብ ቀላልና አሳማኝ ነበር። የፀረ ካንሰር መድኃኒት መጠን በጨመረ ቁጥር የሚሞቱት የካንሰር ሕዋሳት ይበዛሉ፤ መጠኑን እንዳይጨምር የሚያግደው ደግሞ በዋነኛነት መቅኒ ነው። ስለዚህ ደም የሚያመነጩት ግንደ ሕዋሳት ከታማሚዋ አስቀድመው ይወሰዱና በቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ከተለመደው እጅግ የበዛ መድኃኒት ይሰጣል፤ በመጨረሻም የተቀመጡት ሕዋሳት በደም ሥር ይመለሳሉ። በቤተ ሙከራ የታየው ነገር ይህን አስተሳሰብ ይደግፍ ነበር። በሰው ላይ የነበረው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ማነጻጸሪያ ቡድን ከሌላቸው ጥናቶች የመጣ ነው። ለሕክምናው ይመረጡ የነበሩት ዕድሜያቸው ያልገፋ፣ ልባቸው፣ ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ጤናማ የሆነ ሴቶች ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሴቶች በተለመደው ሕክምናም ቢሆን ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ የመኖር ዕድል አላቸው፤ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከምርጫው የሚለየው በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ሲኖር ብቻ ነው።

ማነጻጸሪያው እስኪመጣ ግን የጠበቀ አልነበረም። በአሜሪካ ሕሙማን ሕክምናውን እንደ መብት መጠየቅ ጀመሩ፤ በ1993 በካሊፎርኒያ አንድ የዳኞች ሸንጎ ወጪውን አልሸፍንም ባለ የመድን ድርጅት ላይ የ89 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ድርጅቶች መክፈልን መረጡ። ሕክምናውን ከጥናት ውጭ ማግኘት ስለተቻለም፣ ለዕጣ ራሷን የምታቀርብ ታማሚ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በፊላዴልፊያ ተመራማሪዎች የተመራው ዋነኛው ጥናት ሕሙማንን መዝግቦ ለመጨረስ ከ1990 እስከ 1997 ድረስ ፈጅቶበታል።

በዚህ ባዶ ቦታ ነው የጆሃንስበርጉ ጥናት የገባው። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ዌርነር ቤዝዎዳ በ1995 በጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ካንሰራቸው የተሰራጨ 90 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ማከማቸውንና የብዙ መጠን ሕክምና ያገኙት በመካከለኛ ግምት 90 ሳምንታት፣ የተለመደውን ያገኙት ደግሞ 45 ሳምንታት መኖራቸውን ገለጹ። ዕድሜን በእጥፍ የሚያስረዝም ሕክምና በካንሰር ዓለም በየዓመቱ የሚሰማ ዜና አይደለም። በግንቦት 1999 በአትላንታ በተካሄደው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤም፣ ካንሰራቸው ገና ያልተሰራጨ ነገር ግን የመመለስ አደጋው ከፍተኛ በሆነ 154 ሴቶች ላይ ተመሳሳይ አስደናቂ ውጤት አቀረቡ። በዚያው ጉባኤ የቀረቡት ትልልቆቹ ጥናቶች ግን በሕይወት ዘመን ላይ ግልጽ ጥቅም አላሳዩም።

ከዚህ በኋላ የሆነው የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ነው። የአሜሪካ የካንሰር ተቋም የቤዝዎዳን ሕክምና በትልቅ ጥናት ለመድገም አሰበ። ከመድገሙም በፊት ሥራውን በቦታው የሚያይ ቡድን በ2000 መጀመሪያ ወደ ጆሃንስበርግ ላከ። የቡድኑ ዓላማ ሰውየውን መክሰስ አልነበረም፤ ሊደግም የሚፈልግ ሰው የአሠራሩን ዝርዝር ማወቅ ስለሚኖርበት ብቻ ነው የሄደው። በላንሴት በታተመው ሪፖርት መሠረት ለቡድኑ የቀረቡት ካርዶች ጥቂት ነበሩ፤ የቀረቡትም ሁሉ የብዙ መጠን ሕክምና ያገኙ ሴቶች ካርዶች ናቸው። የማነጻጸሪያው ቡድን ካርድ አንድም አልታየም። የተፈረመ የስምምነት ቅጽ አልተገኘም፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ለጥናቱ ፈቃድ የሰጠበት መዝገብ አልነበረውም። ከጉብኝቱ በኋላ ፕሮፌሰሩ ለማነጻጸሪያው ቡድን ሰጠነው ብለው በጉባኤው የገለጹት የመድኃኒት ጥምረት በትክክል ከተሰጠው የተለየ መሆኑን አመኑ። ዩኒቨርሲቲውም ከሥራ አሰናበታቸው።

የ1995ቱ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ሲመረመር ደግሞ፣ ከ15,000 በላይ የሕሙማን መዝገቦች ታይተው ከ90ዎቹ ውስጥ የተገኘው የ61ዱ ካርድ ብቻ ነበር። ከ61ዱ ውስጥ በጽሑፉ የተቀመጠውን የመግቢያ መስፈርት ማሟላታቸውን ለማረጋገጥ በቂ መረጃ የነበራቸው 27 ናቸው፤ ከእነዚህም 18ቱ ቢያንስ አንዱን መስፈርት አያሟሉም። ጽሑፉ በ2001 ተሰረዘ። እነዚህን ቁጥሮች የካርድ ክፍል ችግር ላለበት ሆስፒታል ባለሙያ ማንበብ ትንሽ ያሳፍራል። በየትኛውም ሆስፒታል ካርድ ይጠፋል፤ ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይባልም። ልዩነቱ የጠፋው የማን ካርድ ነው የሚለው ላይ ነው። በአጋጣሚ የሚጠፋ ካርድ ከሁለቱም ቡድን እኩል ይጠፋል፤ አንዱን ቡድን ለይቶ አይበላም።

ለሐኪም አንባቢ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። የ1995ቱን ጽሑፍ ካርድ ሳያወጡም በጥንቃቄ ማንበብ ይቻል ነበር። የማነጻጸሪያው ቡድን ለሕክምናው የሰጠው ምላሽ በሌሎች አገሮች በተለመደው ሕክምና ከሚታየው በጣም ያነሰ ነበር። ታሞክሲፊን የተሰጠው ለሕክምናው ምላሽ ላገኙት ብቻ በመሆኑም፣ የብዙ መጠን ሕክምና ያገኙት ሴቶች በዚህ መድኃኒት ይበልጥ ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ የሕይወት ዘመን ልዩነቱ ምን ያህሉ ከኬሞቴራፒው፣ ምን ያህሉ ከታሞክሲፊን እንደመጣ መለየት አይቻልም። ይህን በወቅቱ የጻፉ ሐኪሞች ነበሩ። አልተሰሙም፤ ምክንያቱም ውጤቱ የሚፈለግ ውጤት ነበር። የመጽሔቱ ገምጋሚዎችም ቢሆኑ የተላከላቸውን ጽሑፍ እንጂ መዝገቡን አያዩም፤ የግምገማ ሥርዓቱ ደራሲው እውነት ተናግሯል ከሚል ግምት ይነሣል።

የፊላዴልፊያው ጥናት በሚያዝያ 2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ሲታተም፣ ካንሰራቸው ተሰራጭቶ ለመጀመሪያው ሕክምና ምላሽ ከሰጡት ሴቶች መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በብዙ መጠን ሕክምና 32 በመቶ፣ በተለመደው ደግሞ 38 በመቶ መሆናቸው ታወቀ፤ ልዩነቱም ትርጉም ያለው አልነበረም። ካንሰራቸው ባልተሰራጨ ሴቶች ላይ የተደረጉ 15 ጥናቶች በ2011 በአንድነት ሲታዩም፣ ከ6,210 ሴቶች የተገኘው መረጃ ሕክምናው በሽታው የሚመለስበትን ጊዜ ከማዘግየቱ በቀር በሕይወት ዘመን ላይ የጎላ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። እስከዚያው ድረስ በአሜሪካ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሕክምናውን አግኝተዋል፤ ከመካከላቸውም በካንሰሩ ሳይሆን በሕክምናው የሞቱ አሉ። ለዚህ ሁሉ አንድን ሰው ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሕክምናው የተስፋፋው ቤዝዎዳ ከመጻፋቸው በፊት ነው። የእርሳቸው ጽሑፍ ያደረገው ነገር አስቀድሞ ለታመነው እምነት በዕጣ የተመደበ ጥናት የሚል ማኅተም ማስፈር ነው።

ከዚህ ከባድ ጉዳይ ወደ ተማሪዎች የምሳ ትሪ መሻገር ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሁለተኛው ጥናት ራሱ ግን ቀልድ አልነበረም። በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ብራያን ዋንሲንክ፣ ሰው ምን ያህል እንደሚበላ የሚወሰነው ከረኀቡ ይልቅ በሳህኑ ስፋት፣ በምግቡ ስምና በአቀማመጡ ነው የሚል ተከታታይ ጥናት በማሳተም ዝናን ያተረፉ ሰው ነበሩ። ከ2007 እስከ 2009 በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ማዕከልን መርተዋል። ስማርተር ላንችሩምስ የተባለው ፕሮግራማቸውም የትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሾችን በጥቂት ወጪ በማስተካከል ልጆች አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመርጡ ለማድረግ ያለመ ሲሆን፣ ወደ 30,000 በሚጠጉ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ውሏል ተብሎ ነበር።

ውድቀቱ የተጀመረው በራሳቸው ብዕር ነው። በኅዳር 2016 ለወጣት ተመራማሪዎች ምክር ይሆናል ብለው በጻፉት ጽሑፍ፣ ከአንድ የፒዛ ምግብ ቤት የተሰበሰበ መረጃ የታሰበለትን መላምት ሳይደግፍ በመቅረቱ ለአንዲት ጎብኚ ተማሪ እንደሰጧትና እርሷም መረጃውን ደጋግማ በመፈተሽ ብዙ ጽሑፍ እንዳወጣችበት በኩራት ተረኩ። ጸሐፊው እንደ ትጋት የቆጠሩትን አንባቢዎች እንደ ኑዛዜ አነበቡት። መረጃን እስኪናዘዝ መግረፍ ከመላምት ተነሥቶ መረጃ ከመሰብሰብ ጋር አንድ አይደለም፤ ሃያ ጊዜ የፈተነ ሰው ምንም እውነት በሌለበትም አንድ ጊዜ ያህል ከ0.05 በታች ፒ-ቫልዩ ማግኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያም ሦስት ተመራማሪዎች ከዚሁ መረጃ የወጡትን አራት ጽሑፎች ይዘው ተቀመጡ። ጥሬ መረጃው አልተሰጣቸውም። የተጠቀሙበት መሣሪያ ማንኛውም ጤና ባለሙያ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው ስንት ቁራጭ ፒዛ እንደበሉ በሙሉ ቁጥር ቢጠየቁ፣ ድምሩ ሙሉ ቁጥር ስለሚሆን አማካዩ 2.3 ወይም 2.4 ሊሆን ይችላል፤ 2.35 ግን ሊሆን አይችልም። በዚህ ዓይነት ስሌት በአራቱ ጽሑፎች ውስጥ 150 ያህል እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ቁጥሮች አገኙ። (ጥናቱ በእንጀራ ላይ ቢሆን ኖሮ ቁራሽ ስለማይቆጠር ይህ መሣሪያ ባልሠራ ነበር።) የመጽሔት ገምጋሚዎች ይህን ስሌት አለመሥራታቸው ያስገርማል፤ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበርና።

ከሁሉም ይበልጥ ለሕፃናት ሐኪም የሚከብደው የኤልሞ ጥናት ነው። በ2012 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጽሑፍ፣ ኤልሞ የተባለው የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ሥዕል በፖም ላይ ሲለጠፍ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆነ ተማሪዎች ከብስኩት ይልቅ ፖም እንደሚመርጡ የሚገልጽ ነበር። በመስከረም 2017 ተሰርዞ በታረመ ጽሑፍ ተተካ። የታረመውም በጥቅምት እንደገና ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ጥናቱ የተደረገው ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት በሆነ የመዋለ ሕፃናት ልጆች ላይ መሆኑ ታወቀ። የአራት ዓመት ሕፃን ለአሻንጉሊት ያለው ፍቅርና የአሥር ዓመት ልጅ ለዚያው አሻንጉሊት ያለው ንቀት ልጅ ላሳደገ ሁሉ ግልጽ ነው። ደራሲዎቹ ልጆቹን በዐይናቸው አይተው ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር መገመት ያዳግታል።

በመስከረም 2018 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔቶች ስድስት ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ ሰረዙ። ምክንያቱ ቁጥሩ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጦ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ዋናውን መረጃ ማግኘት ስላልቻለ ለትክክለኛነታቸው ዋስ መሆን አልችልም በማለቱ ነው። በማግሥቱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰሩ የአካዳሚ ሥነ ምግባር መጣሳቸውን፣ ከዚህም ውስጥ መረጃን በተሳሳተ መንገድ ማቅረብና ውጤቶችን በአግባቡ አለመመዝገብና አለማስቀመጥ እንደሚገኙበት ገልጾ፣ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እንደሚለቁ አስታወቀ።

በፖም ላይ የተለጠፈ ሥዕል ማንንም አይገድልም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከጆሃንስበርጉ ጋር አይወዳደርም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በከፊል ትክክል ነው። ነገር ግን የዚህ ፕሮግራም ማራኪነት ርካሽነቱ ነበር፤ የምግቡን ጥራት ለማሻሻል ወይም ወጥ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ከመመደብ ይልቅ ስም መቀየርና ሳህን ማዟዟር ይበቃል የሚል መልእክት ለአስተዳዳሪ ጆሮ ጣፋጭ ነው። በአገራችን በትምህርት ቤት ምገባ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ ጥያቄው ከሥሩ ይለያል፤ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ በሚቀርብበት ቦታ የምርጫ ሥነ ልቡና ከመጠናቱ በፊት የገንፎው ወይም የእንጀራው መጠንና ይዘት መለካት አለበት።

ሦስተኛው ጥናት ከሁለቱ ይልቅ ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ የቀረበ ነው፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ በቡሲያ አካባቢ በ75 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከ30,000 በላይ ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2004 አሳተሙ። ትምህርት ቤቶቹ 25፣ 25 ሆነው በሦስት ቡድን ተከፍለው ከ1998 ጀምሮ በየተራ አልቤንዳዞል፣ ቢልሃርዚያ በበዛበትም ፕራዚኳንቴል አገኙ። በአካባቢው ከተመረመሩት ልጆች 92 በመቶው ቢያንስ አንድ ዓይነት ትል ነበረባቸው። ውጤቱ ሕክምናው ከትምህርት መቅረትን በአንድ አራተኛ ያህል መቀነሱን፣ መድኃኒቱን ያልወሰዱ ልጆችና የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ መጠቀማቸውን አሳየ። በፈተና ውጤት ላይ ግን ለውጥ አልታየም፤ ደራሲዎቹም ይህን አልደበቁም።

የጥናቱን ሁለት ጠንካራ ጎኖች ሳይጠቅሱ ወደ ነቀፌታ መሄድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አንደኛ፣ ዕጣው የተጣለው በልጅ ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። የወስፋትና የትሪኩሪስ ዕንቁላል እንዲሁም የሁክወርም ዕጭ በአፈር የሚተላለፉ በመሆናቸው አንዱን ልጅ ማከም አጠገቡ ያለውንም ይጠቅማል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹን አክሞ ግማሹን ማነጻጸሪያ ያደረገ ጥናት የሕክምናውን ጥቅም አሳንሶ ያያል። ሁለተኛ፣ የልጆቹ መገኘት የተለካው በመምህራኑ የስም መጥሪያ አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ ሳይታሰብ በየትምህርት ቤቱ እየሄዱ በክፍል የተገኘውን ልጅ ይቆጥሩ ነበር። የስም መጥሪያ በጠዋት የተሞላበትን የገጠር ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ዋጋ ይረዳል።

ድክመቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተመደቡት በእውነተኛ ዕጣ ሳይሆን ስማቸው በፊደል ተራ ተዘርዝሮ በመቁጠር ነው። መድኃኒቱን ማን እንዳገኘ ሁሉም ያውቃል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የጤና ትምህርትም ተሰጥቷል፤ ስለዚህ ልጁን ወደ ክፍል የመለሰው የትሉ መውጣት ይሁን በትምህርት ቤቱ ላይ የተፈጠረው ትኩረት በእርግጠኝነት አይለይም። 1998 በኤል ኒኞ ምክንያት ከባድ ዝናብ የወረደበት ዓመት በመሆኑ ደግሞ በዚያ ዓመት የታየው ውጤት በሌላ ዓመት ይደገማል ብሎ መገመት ያስቸግራል።

ደራሲዎቹ ግን ሌሎቹ ሁለቱ ያላደረጉትን አደረጉ፤ መረጃቸውንና የስሌት ፕሮግራማቸውን ለሌሎች አሳልፈው ሰጡ። የለንደን የሥነ ንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ተረክበው ከመጀመሪያው እንደገና ሠሩት፤ ውጤቱንም በ2015 አሳተሙ። ከተገኙት ስሕተቶች ዋነኛው በጎረቤት ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው ስሌት ነበር። ፕሮግራሙ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ መቁጠር ሲገባው የቆጠረው በቅርብ ያሉትን 12 ብቻ ነው። ሲታረም በ3 እና በ6 ኪሎ ሜትር መካከል ባሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ታየ የተባለው ጥቅም እርግጠኝነቱን አጣ፤ በደም ማነስ ላይ የተዘገበው መሻሻልም እንዲሁ። በሕክምናው ትምህርት ቤቶች ውስጥ የታየው የመቅረት መቀነስ ግን አልጠፋም። ደራሲዎቹ ስሕተቱን አምነው ዋናው ድምዳሜ ግን አለመናወጡን ተከራከሩ።

በዚያው ሰሞን አንዳንድ ጋዜጦች የትል ሕክምና ፕሮግራሞች ውሸት መሆናቸው ተጋለጠ የሚል ርእስ አወጡ። ይህ ስንፍና ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንዲህ አላሉም፤ ያሉት ጥናቱ ለመዛባት የተጋለጠ ስለሆነ በጥንቃቄ ይታይ ነው። መረጃውን በገዛ እጁ የሰጠ ተመራማሪ ካርዱን ከደበቀ ሰው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተወገዘ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ መዝገቡን ቆልፎ ማስቀመጥ ይሻለኛል ቢል አይፈረድበትም።

በዚሁ ዓመት የታተመው የኮክሬን ግምገማ 45 ጥናቶችን አይቶ፣ ለአንድ አካባቢ ልጆች በሙሉ መድኃኒት ማደል በአማካይ በክብደት፣ በሄሞግሎቢንና በትምህርት ችሎታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ እንዳልሆነ ደመደመ። ግምገማው ጥንቁቅ ነው፤ አተረጓጎሙ ግን ከሐኪም ዐይን ሊታይ ይገባዋል። በዚያው ግምገማ ትል እንዳለባቸው ተመርምሮ የታከሙ ልጆች ብቻ ሲታዩ በአማካይ 0.75 ኪሎ ግራም ጨምረዋል፤ ይህ የማስረጃ ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ጥቂት ጥናቶች የተገኘ ቢሆንም። እንግዲህ ከ100 ልጆች 25ቱ ብቻ ትል ቢኖርባቸውና ሁሉም መድኃኒት ቢወስዱ፣ የ25ቱ ጭማሪ ለ100 ሲካፈል ወደ 0.19 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ለማየት በጣም ትልቅ ጥናት ያስፈልጋል። አማካዩ ዜሮ አካባቢ ነው ማለት የታመመው ልጅ አልተጠቀመም ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ ካልታመሙት ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች በወባ ትኩሳትና ያለ ወባ በሚመጣ ትኩሳት ላይ አንድ መድኃኒት ሞክረው አማካዩን አይወስዱም።

የዚህ መከራከሪያ ሌላ ጫፍ ግን ፕሮግራም ለሚመሩት ምቾት አይሰጥም። ጥቅሙ በሥርጭቱ መጠን ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ 92 በመቶ ልጆች ከተያዙበት ቡሲያ የተገኘ ቁጥር ሥርጭቱ ዝቅተኛ ለሆነ ደጋ ወረዳ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በአፈር የሚተላለፉ ትሎች ሥርጭት 20 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ50 በመቶ በላይ በሆነበት ሁለት ጊዜ መድኃኒት እንዲታደል ይመክራል። ኢትዮጵያም አገር አቀፍ የሥርጭት ካርታ ካዘጋጀች በኋላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ላይ የተመሠረተ ብሔራዊ ፕሮግራም ጀምራለች። ካርታ ቀድሞ መሠራቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ካርታ ያረጃል፤ በየዓመቱ መድኃኒት በታደለበት ወረዳ ከዓመታት በፊት የተገኘው ቁጥር ዛሬ ያለውን ሥርጭት አያሳይም። መድኃኒቱ በአምራቾች ልገሳ መገኘቱም ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ የመምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀን፣ የመኪናው ነዳጅ፣ በዚያ ቀን ያልተሠራው ሌላ ሥራ ሁሉ ወጪ ነው። ሪፖርቶቹም ስንት ልጅ መድኃኒት እንደዋጠ ይዘረዝራሉ። ስንት ልጅ ከትሉ ነጻ እንደሆነ ለማወቅ ግን ሰገራ በካቶ ካትዝ መመርመር የግድ ነው።

ክሬመር በ2019 ከአብሂጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የምጣኔ ሀብት ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የቡሲያ ልጆችም አድገዋል። ሚጌልና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ቀደም ብለው ሕክምናውን በጀመሩት ትምህርት ቤቶች የተማሩት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ዘግይተው ከጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ የፍጆታ ወጪያቸው በ14 በመቶ፣ የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለጥቂት ፍሬ መድኃኒት ይህ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው፤ በመጀመሪያው ጥናት ክብደትና ፈተና ላይ ብዙም ያልታየ ለውጥ በደመወዝ ላይ በዚህ መጠን መታየቱ ደግሞ ሊብራራ የሚገባው ነገር ነው። ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በወንዶችና መድኃኒቱን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ነው፤ በሥነ ሕይወት አነጋገር ትል ይበልጥ ይጎዳል ተብሎ በሚጠበቀው በታናናሾቹ ላይ አይደለም። ይህን የተቃረነ የሚመስል ነገር ለመመርመር የሚፈልግ ማንም ሰው ጆሃንስበርግ ድረስ እንደሄደው ቡድን መጓዝ አያስፈልገውም፤ የቡሲያ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው።